ወደ ሆኪው ማናጀር የላክናቸው ሽማግሎች

ሐበሻን ከሆኪ ጋር ምን አገናኘው ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። የአሜሪካ ደቡብ ሙቀት ነው ያገናኘው። ኦገስት ላይ የቤታችን ኤሲ ተበላሽቶ፣ ሠሪው ዛሬ ነገ እያለ ሲያጉላላን፣ ባለቤቴ «እዚህ ቅርብ ወዳለችው ዱሉዝ ከተማ ስንሄድ መንገድ ዳር በረዶ ያለበት አዳራሽ አይቻለሁ፤ እዚያ ገብተን እንቀመጥ» አለኝ። ገባን። ልጆች እግራቸው ላይ ስለት አስረው ሲከንፉና እርስ በርስ ሲላተሙ አየን። እኔ ጃኬት ስላልያዝኩ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለክፎ ቀረ።

ጓደኞቹን ጠራ፤ ጓደኞቹም ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ዊንተሩ ሳይጋመስ ከጎሉ በስተጀርባ ያሉት ሁለት ረድፎች የሐበሻ ሆኑ። ታክሲ የሚነዳው፣ ዌርሃውስ የምትሠራው፣ ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ፕላዛ ጸጉር ቤት ያለው፣ ሁሉም የዓመቱን ጨዋታ የሚያሳይ ሲዝን ቲኬት ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው። የማንግባባበት ነገር ቢኖር ቡድኑ ብቻ ነበር። በሃይማኖት ተለያይተን አንጣላም፤ በፖለቲካ እንኳ ብንጣላ በሳምንቱ እንረሳዋለን። በቡድኑ የተጣላን ግን እስከ ዛሬ አልታረቅንም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጠብ ነው።

ቡድኑ የወጣቶች ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ ሃያ ዓመት ያልዘለሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ አብዛኞቹ ብርድ ካለባቸው ስቴቶች የሚመጡ ልጆች ናቸው። ሁሉም የሚመጡት አንድ ተስፋ ይዘው ነው፤ የኮሌጅ ኮች አይቷቸው በስኮላርሺፕ እንዲወስዳቸው። እስከዚያ የሚኖሩት በየሰው ቤት ነው። ክለቡ «የተጫዋች ቤተሰብ እንሁን የምትሉ» ብሎ በር ላይ ሲለጥፍ፣ የእኛ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ክፍሉ ባዶውን ነበር፤ እኔም ሄጄ ተመዘገብኩ።

የላኩልን ከሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ የመጣ፣ አባቱ የውኃ ቧንቧ የሚዘረጋ፣ ትከሻው የበር ያህል የሆነ ተከላካይ ነበር። ዝምተኛ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ በላህ አልበላህ ብዬ ስጨቀጭቀው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። የኛ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ እኔን «ማዘር» ሲለኝ ሰምቶ እሱም «ማዘር» ማለት ጀመረ። ሁለተኛው ዓመት ላይ አማርኛችንን ይሰማ ነበር። በተለይ ስድቡን። ከጎሉ ጀርባ እኛ ተቀምጠን የምንለውን ሁሉ በረዶው ላይ ሆኖ ስለሚሰማው ቶሎ ገባው።

ያ ሁለተኛ ዓመት የመጨረሻው ነበር። ሃያ ሲሞላ ከወጣቶች ሆኪ ይወጣል፤ ወይ ኮሌጅ ይወስደዋል ወይ በዚያው ያበቃል። አንድ የሚቺጋን ኮሌጅ ኮች ማርች ላይ መጥቶ ሲጫወት ሊያየው ቃል ገብቶለት ነበር። ልጁ ሌላ ነገር አያወራም ነበር ማለት እችላለሁ። እራት ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዶርሙ፣ የማሽን ምህንድስና መማር እንደሚፈልግ ይነግረኛል። ይህ ሁሉ ያረፈው አንድ ነገር ላይ ነበር፤ እስከ ማርች ድረስ እዚሁ ቡድን ውስጥ ቋሚ ሆኖ መጫወቱ ላይ።

ጃንዋሪ ላይ ከኮቹ ጋር ተጣላ። ቡድኑ በሰፊ ጎል ተሸንፎ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገቡ ኮቹ በረኛውን፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ በሁሉም ፊት አዋረደው። የኛው ተከላካይ ተነሥቶ «በቃ፣ ተወው» አለ። ይኸው ነው ጥፋቱ። ከዚያ ወዲህ ኮቹ አላናገረውም። መጀመሪያ ደቂቃ ቀነሰበት፤ ቀጥሎ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቤንች ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ደግሞ የተጫዋቾቹን ልውውጥ የሚወስነው ማናጀሩ ትሬድ ሊያደርገው ነው፣ እሱን ሰጥቶ ጎል አግቢ ሊያመጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ትሬድ የሚዘጋው ፌብሯሪ መጀመሪያ ላይ ነበር።

ሁለቱ ረድፎቻችን ለሁለት የተሰነጠቁት ያኔ ነው።

«ጥሩ ልጅ ነው፤ ማን ክፉ ነው አለ» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ሁልጊዜ ከኛ ኋላ ባለው ረድፍ ነው የሚቀመጠው፤ ንግግሩ ማጅራቴ ላይ ነው የሚያርፈው። «ጥሩ ልጅ ለመዘምራን ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ጎል የሚያገባ ነው።»

«የሚገባብንንስ ማን ያስቀር?» አልኩት።

«የምታወሪው ስለ ቡድኑ ነው ወይስ ስለ ጓዳሽ?»

«ስለ ሁለቱም።»

«እንግዲያው ጓዳሽን እቤትሽ ተዪው። እዚህ የመጣነው ዋንጫ ልንበላ ነው። ስንት ዓመታችን? ማናጀሩ ዘንድሮ ዋንጫ ነው ብሏል።»

ዌርሃውስ የምትሠራዋ ልጅ ጣልቃ ገባች። እሷ ከእኔ ወገን ናት። «አምናም ብሏል። ይሄ ሰውዬ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ነው የሚመስለኝ። ያመጣል፣ ያጥባል፣ ይሸጣል። ጥሩውን በረኛ ማን ሸጠው? እሱ። ካፒቴኑንስ? እሱ። ዋንጫ በምን ሊበላ ነው? በባዶ አዳራሽ?»

«አንቺ ደግሞ የሆኪ ፕሮፌሰር ሆነሽ ሞተሻል። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ።»

«ያንተ ምላስ ነው። ሁልጊዜ ከመስመር አልፎ ነው የሚገኘው።»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጨዋታው ካለቀ በኋላም በቴሌግራም ቀጠለ። መኪና እየነዱ የሚላኩ የድምፅ መልእክቶች ግሩፑን ሞሉት። አንዱ ኮቹ ይባረር ይላል፤ አንዱ የክለቡ ባለቤት ቡድኑን ይሽጠው ይላል፤ ሌላው «ሴቶች ግሩፑ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ነው የተሸነፍነው» ብሎ ሲልክ እኔ መልሼ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።

የከፋው ግን ባለቤቴ ከነሱ ወገን መሆኑ ነው። የራሴ ባል፣ ልጁ በየቀኑ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው።

«እወደዋለሁ» አለኝ አንድ ማታ እራት ላይ። ልጁ ፊት ለፊታችን ምስር ወጥ እየበላ ነው። «እንደ ልጄ ነው የማየው። ግን ቀርፋፋ ነው። ሲዞር እንደ ስኩል ባስ ነው።»

«ይሰማሃል እኮ።»

«ይስማ። ውሸት ነው?»

ልጁ ቀና አለና በእንግሊዝኛ «ከስኩል ባስስ ትንሽ እሻላለሁ» አለ። ባለቤቴ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። እኔ ሳህኔን አንሥቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለቀናት «ቁልፉ የት ነው» እና «መብራት አጥፋ» ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

ነገሩን ወደ ሌላ መንገድ የወሰዱት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ከልጃቸው ጋር አቮንዴል እስቴትስ የሚኖሩ፣ ከሰማንያ ብዙ ያልራቁ ናቸው፤ ሆኪ የሚመጡት ጨዋታው ገብቷቸው ሳይሆን ሰው ለማግኘት ነው። ቅዳሜ እንደተለመደው ስንበላላ ሲሰሙ ቆዩና በትራቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ።

«ልጠይቃችሁ። ኮቹና ልጁ ተጣልተዋል አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ያስታረቃቸው ሰው አለ?»

ስንት ጎል፣ ስንት ደቂቃ፣ ማን በማን ይለወጥ እያልን ስንጨቃጨቅ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ምን ያነታርካችኋል? የተጣላ ይታረቃል። ሽማግሌ ይላክ።»

ጸጉር አስተካካዩ ከኋላ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ አሜሪካ ነው። ለቢዝነስ ሽማግሌ አይላክም።»

«ቢዝነሱን ማን ነካው? እኔ ያልኩት ስለ ጠቡ ነው» አሉት።

ሦስት ሰው ተመረጠ። ጋሼ ራሳቸው፤ ሐጂ የምንላቸው የሥጋ ቤት ባለቤት፤ ሦስተኛው ደግሞ ካውንቲ ቢሮ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ እንግሊዝኛው የተጣራ ሰው፣ እንዲያስተረጉም። እኔ ሾፌር ሆንኩ። ሰኞ ጠዋት ጋሼን ልወስድ ስሄድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ቀጠሮ አልያዝንም እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሽማግሌ በቀጠሮ ይሄዳል እንዴ?»

የማናጀሩ ቢሮ ከቲኬት መሸጫው ጀርባ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ተራ በተራ ገባን። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ የክለቡን ጃኬት ለብሶ ስልክ እያወራ ነበር። ሲያየን «ቲኬት ከሆነ በመስኮቱ በኩል ነው» አለን። ጋሼ እጅ ነሡ። ስልኩን አስቀመጠና ወደ ወንበሮቹ ጠቆመን።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ። «የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም በልልኝ።»

አስተርጓሚው እንደተባለው አለ። በእኛ ዘንድ ይህን የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ «ኧረ በፈጣሪ ይቀመጡ» ብሎ ይለምናል፤ ሽማግሎቹም ይግደረደራሉ፤ ነገሩ በዚያ ይለዝባል። ማናጀሩም ደነገጠ። የደነገጠው ግን በሌላ በኩል ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ከኛ አንዳችን በሩን ዘግቶ እንደሆነ አየ።

«እናንተ ማን ናችሁ?» አለ።

ጋሼ አልተቻኮሉም። ሰላምታ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። «እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች አሉዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?»

ይህም ተተረጎመ።

«ልጆቼን ለምን ትጠይቃላችሁ?» የሰውየው ፊት ቀላ። «በልጆቼ ምን አገባችሁ?»

ያኔ እኔ መናገር ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ሽማግሌ እየተናገረ ሴት አትገባም፣ ወጣትም አይገባም። ሐጂ ነገሩ እንደተበላሸ ገብቷቸው «ወደ ጉዳዩ፣ ወደ ጉዳዩ» እያሉ ጋሼን በክርናቸው ነካ አደረጉ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቆጣል፤ ኮቹ አባት ነው፤ ልጁ በአባት ፊት ተናግሯል፤ ስለዚህ ወግ እንደሚያዘው ድንጋይ ተሸክሞ እዚህ በር ድረስ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እናንተም ይቅር ብላችሁ በቡድኑ ታቆዩታላችሁ አሉ።

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ድንጋዩን ልዝለለው?» አላቸው በሹክሹክታ።

«ለምን ትዘላለህ? ዋናው እሱ ነው። እንዳልኩህ ንገረው።»

ነገረው። ተጫዋቹ ድንጋይ ይዞ ወደ ኮቹ ቢሮ እንደሚመጣ ነገረው። ስለ ወጉ ሊያብራራ ሲጀምር ማናጀሩ ጋርዱን ጠርቶ ጨርሷል።

ጋርዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ የሚፈትሸን ሽበታም ሰው ነው። መጥቶ አየን፤ አወቀን፤ ምን ላድርግ በሚል ትከሻውን ነቀነቀ። ማናጀሩ ጋሼን አየ፣ ነጠላቸውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እንደ ሰለቸው ሰው እጁን አወዛወዘ።

«እሺ። እሺ። ልጁ አይሄድም። እዚሁ ይቆያል። አሁን ውጡልኝ።»

አስተርጓሚው «እሺ ብሏል» አለ። ሽማግሎቹም፣ ውጡ የተባሉት ሽማግሎች፣ እሺ ስለተባሉ ተቀመጡ። ተቀምጠውም መረቁት። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ቤትህን ይባርክልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ቡድንህን ለዋንጫ ያብቃልህ አሉት። ሐጂና እኔ አሜን አልን። ጋርዱም አሜን አለ። ማናጀሩ ስልኩን አንሥቶ ጀርባውን ሰጠን።

መኪና ውስጥ አስተርጓሚው «እሺ ያለው እኛን ለማስወጣት ነው» አለ።

«እሺ ካለ እሺ ነው» አሉ ጋሼ። «ሰው ሰውን አየው፣ ቃል ሰጠው። ሌላ ምን ይጨመራል?»

እኔም አመንኳቸው። ለምን አላምን? ለባለቤቴም ያን ቀን እንደልቤ አወራሁለት።

በማግሥቱ ልጁ ከልምምድ ሲመጣ ቦርሳውን በሩ ላይ ጥሎ፣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ ማዕዱ ላይ አስቀመጠ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው አበባ መደብ የተነሣ ድንጋይ ነው፤ ጭቃው አልደረቀም።

«ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሎከሬ ውስጥ አስቀምጠውት አገኘሁ» አለ። «ኮቹ በሁሉም ፊት 'የታለ ድንጋይህ፣ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው አሉ' አለኝ። ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አስረዳሁት። ድንጋዩ ምን ማለት እንደሆነ፣ በአገራችን ሰው የገደለ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ወድቆ እንደሚታረቅ ነገርኩት።

«እኔ ሰው አልገደልኩም» አለ። «ይቅርታም አልጠይቅም። በረኛውን መስደብ አልነበረበትም። ስለኔ ከመሄዳችሁ በፊት ብትጠይቁኝ ይህን እነግራችሁ ነበር።»

«ብንጠይቅህ እምቢ ትል ነበር።»

«አዎ፣ እምቢ እል ነበር።»

ያን ማታ እራቱን ክፍሉ ውስጥ በላ። ሐሙስ ከሰዓት ስልክ ተደወለለት። ኦሃዮ ውስጥ ወዳለ፣ በደረጃው መጨረሻ ላይ ወደሚገኝ ቡድን ትሬድ አድርገውታል። በነጋታው ልምምድ ላይ መገኘት አለበት።

ልብሱን ሳጣጥፍለት ባለቤቴ ጋራዥ ገባ። የልጁን መኪና ዘይት አየ፣ የጎማውን አየር ለካ፣ የመስተዋት መጥረጊያውን በአዲስ ቀየረ። ትሬድ ይደረግ እያለ ሲጮህ የከረመው እሱ ነው። ልጁ ተንበርክኮ የሚሠራውን ሰው ከላይ ሲያይ ቆይቶ «ጋሼ፣ አሁን ፈጣን ሆነልህ ቡድኑ» አለው። ባለቤቴ ቀና አላለም።

አዲሱ ጎል አግቢ እውነትም ጎል አግቢ ነበር። ይህን መካድ አልችልም። በመጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት አገባ። ከኋላዬ ጸጉር አስተካካዩ ወንበሬን በጉልበቱ እየመታ «እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ? ጎል ነው እኮ» ይለኛል። በግሩፑ ደግሞ «ድንጋይ ይዘው ሄደው ያባረሩት እነሱ ናቸው፤ ዝም ቢሉ ይቆይ ነበር» ብሎ ላከ። እስከ ዛሬ ይህን የሚሉ አሉ። ማናጀሩ ከኛ መምጣት በፊት ወስኖ እንደሆነ ማን ያውቃል? ጸጉር አስተካካዩም አያውቅም። ከግሩፑ ወጣሁ።

ማርች ላይ ክለቡ ሲዝን ቲኬት ያላቸውን ሁሉ ለስብሰባ ጠራ። ፒሳ አለ፣ ስክሪን ላይ የዋንጫ ሥዕል አለ፤ ማናጀሩ ማይክ ይዞ ዋንጫው ስለሚለይበት ጥሎ ማለፍ፣ ስለ ፕሌይኦፉ፣ ስለ ቻምፒዮንነት ዕቅዱ ይናገራል። ነጮቹም እርስ በርስ ተፋጠዋል። አንዱ ስለ ቲኬት ዋጋ ጮኸ፤ አንዷ አሮጊት ተነሥታ የምትወዳቸውን ልጆች ሁሉ እንደ ከብት ነድቶ እንደሸጠባት ነገረችው። እሱ ለሁሉም ፈገግ ይላል።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ። አስተርጓሚው አብሯቸው ቆመ።

«ቢሮህ መጥተን ነበር። ልጁ አይሄድም ብለኸን ነበር። መርቀንህ ነው የወጣነው። ቃልህን የት አደረስከው?»

ማናጀሩ ፈገግታውን አልለቀቀም።

«አስታውሳለሁ ሽማግሌው። በሩ ላይ ቆማችሁ አላስወጣ አላችሁኝ፤ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ይሄ ቢዝነስ ነው። ደግሞ ማሸነፍ ጀምረናል፣ አይደለም እንዴ?»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ዞር ብዬ አየሁ። ጸጉር አስተካካዩ ነው። ነጮቹ እንኳ አላጨበጨቡም። በአገሩ ልጅ፣ በአባቱ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ለተሰነዘረ ንቀት ቆሞ ያጨበጨበ እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። የሚጣላ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። «ትሬዱን እኔም እፈልግ ነበር» አለው ጸጉር አስተካካዩን በአማርኛ፣ ሁሉም ሐበሻ እየሰማ። «ሰው ሽማግሌን ሲዋሽ ለማጨብጨብ ግን አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ዋንጫውን ፈልገህ መንገዱን ትጠየፋለህ? ሂድና መዘምራን ግባ» አለው ያኛው።

ጋሼ በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ሐጂ ተከተሏቸው። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ አዳራሹን አልረገጡም።

ልጁ አልፎ አልፎ ይደውል ነበር፤ አጭር ነው ወሬው። የሚቺጋኑ ኮች በተባለው ወር ሄዶ ነበር። ኦሃዮ ድረስ ሄዶ ያየው ግን ቤንች ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። እዚያ ተከላካይ ሞልቷል፤ አዲስ መጤ ተራ አይደርሰውም። ኮቹ ጨብጦት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈለትም።

ኤፕሪል ላይ የኦሃዮው ቡድን ፕሌይኦፍ ሳይገባ ቀረ። ልጁ ወደ አባቱ ቤት ከመመለሱ በፊት የተወውን ብስክሌት ሊወስድና ጓደኞቹን ሊሰናበት ወደኛ መጣ። የመጣበት ቅዳሜ የኛ ቡድን ለፍጻሜ ለማለፍ የሚጫወትበት ቀን ሆነ። እኔ መሄድ አልፈለግኩም። እሱ ነው «ማዘር፣ እንሂድ» ያለኝ።

በእኔና በባለቤቴ መካከል ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶውን ከሚከበው መስተዋት በዚህ በኩል ሆኖ ነው የሚያየው። ከኋላ የጸጉር አስተካካዩ ድምፅ መጣ፣ በአማርኛ፣ ለጎረቤቱ የሚያወራ መስሎ፦

«ይኸው፣ ቦታው እዚህ ነበር። ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት።»

ልጁ ዞረ። «እሰማለሁ» አለው። አማርኛው የሕፃን አማርኛ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነው።

ጸጉር አስተካካዩ ትንሽ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ደፈር አለ። «ብትሰማስ? ውሸት ነው? አንተ ሄደህ ነው እዚህ የደረስነው።» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረው። «ለመሆኑ የትኛው ኮሌጅ ወሰደህ?»

«የትም» አለ ልጁ።

«ምንም?»

«ምንም። ከአባቴ ጋር ቧንቧ ልዘረጋ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ልጁ ፊቱን ወደ በረዶው መለሰ። እኔ መስተዋቱን እያየሁ የማየው ነገር አልነበረም።

ጨዋታው በመጨረሻው ላይ እኩል ሆነ፤ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። ያ ጎል አግቢ መሐል ሜዳ ላይ ኳሷን፣ ፓክ የሚሏትን ያችን ጥቁር ክብ ጎማ፣ ነጥቆ ብቻውን ሄዶ አገባት። አዳራሹ ተነቀለ። ከኋላችን ያሉት እርስ በርስ ተቃቀፉ፣ ያለቀሰም ነበር። ባለቤቴ ሳያስበው ተነሣ፤ ወዲያው ልጁ ትዝ ብሎት ተመልሶ ቁጭ አለ። ልጁ ግን ራሱ ተነሥቶ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። በረኛው፣ ያ የተሰደበው በረኛ፣ ሲያየው ዱላውን ወደ እሱ ከፍ አደረገ። ልጁ የባለቤቴን እጅጌ ጎትቶ አስነሣው። የእኔን ደግሞ ጎተተ።

«ማዘር፣ ተነሽ። ጓደኞቼ ናቸው።»

«ጓደኞችህን ደስ ይበላቸው» አልኩት። አልተነሣሁም።

ፓርኪንጉ በጥሩምባ ደንቁሯል። ልጁ ብስክሌቱን መኪናው ላይ አጥብቆ አስሮ ጨርሶ ሲሰናበተን ጸጉር አስተካካዩ በመኪኖቹ መካከል እየተሽሎከለከ መጣ። የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ ላብ አጥምቆታል። ልጁ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«አይዞህ» አለው በአማርኛ። «ወጣት ነህ።»

ልጁ ጨበጠው። ሰውየው ይህን እንደ ይቅርታ ቆጠረው መሰለኝ፣ ፊቱ በራ፤ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ እንግዲህ ጨዋታ ነው። ተባባልን፣ አለቀ። ለፍጻሜው አብረን እንቀመጥ።» እጁን ዘረጋልኝ።

እጄን ከጃኬቴ ኪስ አላወጣሁም። እጁ አየር ላይ ቆየ። መኪኖች እያለፉን ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እሱ እጁን መቼ እንደሚሰበስብ ጠፋው። በመጨረሻ ሱሪው ላይ ጠረገውና ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ሚስትህ ቂመኛ ናት።»

«ናት» አለው ባለቤቴ፤ የመኪናዬን በር ከፈተልኝ።

ልጁ ከፊታችን ወጣ። እስከ ሀይዌዩ ተከተልነው። እሱ ወደ ሰሜን ታጠፈ፤ እኛ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሎረንስቪል።